ጠበቃና ባለጉዳይ፤ ቅሬታው ከወዴት ይመነጫል?

መግቢያ

በአገራችን ከፍርድ ቤት ደጅ ያልደረሰ ቤተሰብ ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። የውርስ ነገር ባይሆን የድንበር፣ የድንበር ባይሆን የብድር፣ የብድር ባይሆን የፍቺ ነገር አንዱን ዘመድ አንድ ቀን ከዳኛ ፊት ያቆመዋል። ከዚያም የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ቅሬታ ይዞ ነው። አንደኛው በባላጋራው ላይ ያለው ቅሬታ ሲሆን፣ ሁለተኛው ራሱ መርጦና ገንዘብ ከፍሎ በያዘው ጠበቃ ላይ ያለው ቅሬታ ነው። የመጀመሪያው የሚያስገርም አይደለም፤ ሙግት ካለ ባላጋራ አለና። ሁለተኛው ግን ሊመረመር ይገባዋል፤ ሰው ጠበቃ የሚይዘው ሊረዳው እንጂ ሌላ ባላጋራ ሊሆንበት አይደለምና።

ይህን ቅሬታ በሰማን ጊዜ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። «ስለ ተረታ ነው እንጂ ቢረታማ ኖሮ ጠበቃውን ያመሰግን ነበር» እንላለን። ይህ መልስ ከእውነቱ ግማሹን እንኳ የያዘ አይመስለኝም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ሲሉ የኖሩት ሰው መረታትን ሊሸከም እንደሚችል ስላወቁ ነው። ቃሉን ሰምተውለት፣ የባላጋራውንም ቃል ሰምቶ፣ ዳኛው በፊቱ ከፈረደበት በቅሎው ብትሄድም ያዝናል እንጂ አይንገበገብም። የሚያንገበግበው እንዴት እንደ ሄደ ያላየውና ያልሰማው ነገር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብም ይኸው ነው። ባለጉዳይ በጠበቃው ላይ የሚያሰማው ቅሬታ ሥሩ መረታት ሳይሆን አለማወቅ ነው፤ ይኸውም የገዛ ነገሩ ባዕድ ስለ ሆነበት ነው። ይህንን ለማሳየት ሰሜን ሸዋን፣ ይልቁንም ደብረ ብርሃንንና አንኮበርን ምሳሌ አድርጌ ወስጃለሁ። አካባቢው የጥንት ችሎት የነበረበት በመሆኑ ዱሮና ዛሬን ለማነጻጸር ያመቻል፤ ደግሞም ከወረዳ እስከ በላይ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም በዚያ በግልጽ ይታያል።

1ኛ. ባለጉዳይ በገዛ አፉ የተሟገተበት ዘመን

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ጊዜ፣ በተለይም እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ ሸዋን በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ነገር ያለው ሰው አቀበቱን ወጥቶ ከግቢው ደጅ «አቤት» ይል ነበር። ንጉሡ ወደ አንጎለላ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን በተጓዙ ጊዜም ችሎቱ አብሯቸው ይሄድ ነበር። ከንጉሡ በታች የየአገሩ ገዥና ዳኛ ነበረ፤ ከዚያም ዝቅ ሲል ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛ አስቁመው «በሕግ አምላክ ፍረደን» የሚሉበት ልማድ ነበር።

ክርክሩ የቃል ክርክር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ ጠርተው ፊት ለፊት ይቆማሉ። «በላ ልበልሃ» ተባብለው፣ በማር ወይም በበቅሎ ተወራርደው፣ ነጠላቸውን አደግድገው አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ዙሪያውን የቆመው ሕዝብም ይሰማል፤ ያደንቃል፤ ያጉረመርማል። አንደበቱ የማይፈታለት ሰው አንደበተ ርቱዕ የሆነ ጠበቃ ያቆማል። ሆኖም ጠበቃው የሚናገረው ባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ፣ ባለጉዳዩ በቆመበት ቦታ ነው። ቢሳሳት ወዲያው ሊያርመው፣ ቢያደላበት ወዲያው ሊያውቅበት ይችላል። በነገሩና በነገሩ ባለቤት መካከል የሚጋርድ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

እንዲህ ስል ያ ሥርዓት ፍጹም ነበር ማለቴ አይደለም። ባለሥልጣን ከድኻ ጋር በተሟገተ ጊዜ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል የታወቀ ነው። አነጋገር ያማረለት እውነት የያዘውን የሚረታበት ጊዜም ብዙ ነበር። ለማነጻጸር የምፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን የተረታ ሰው እንዴት እንደ ተረታ ያውቅ ነበር።

2ኛ. ነገሩ ወደ መዝገብ በገባ ጊዜ

በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ናስቡ ተሰጠ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ተደራጁ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1952 በወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 166 ጠበቆች እየተመዘገቡ ፈቃድ እንዲያወጡ ተደነገገ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም በ1958 ዓ.ም. ተከተለ። በመካከሉ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፍቶ ጥብቅና በትምህርት የሚያዝ ሙያ መሆን ጀመረ።

ይህ ሁሉ ታላቅ እርምጃ መሆኑ አያጠራጥርም። ዳኛ እንደ ስሜቱ ሳይሆን እንደ ተጻፈ ሕግ እንዲፈርድ፣ ተከራካሪዎችም አስቀድመው የሚባለውን እንዲያውቁ ያደርጋልና። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። ነገር ከአደባባይ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ገባ። የክስ ማመልከቻ ይጻፋል፤ የመከላከያ መልስ ይጻፋል፤ መቃወሚያ ይቀርባል፤ ጭብጥ ይያዛል፤ ቀጠሮ ይሰጣል። በቀጠሮው ቀን ችሎቱ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ይችላል፤ ባለጉዳዩ የሚሰማውም «ለምርመራ ተቀጥሯል» የሚል ቃል ብቻ ነው።

ቋንቋው አማርኛ ነው፤ የባለጉዳዩ አማርኛ ግን አይደለም። «በይርጋ ታግዷል» ሲባል ጊዜ አልፎበት ነገሩ እንደ ረጋ ይቆጠራል ማለት መሆኑን፣ «ሥረ ነገር» ሲባል የክርክሩን ዋና ጉዳይ ከሥነ ሥርዓቱ ለመለየት መሆኑን የሚያስረዳው ከሌለ፣ ሰው በተወለደበት ቋንቋ እንግዳ ይሆናል። ይህን ቋንቋ የሚፈታለት ጠበቃው ብቻ ነው። ስለዚህ የዛሬ ጠበቃ አፍ ብቻ አይደለም፤ የባለጉዳዩ ዐይንና ጆሮም ነው። ዐይኑ ካልነገረው ባለጉዳዩ ዕውር ነው።

በዚህ ላይ ርቀት ይጨመራል። የአንኮበር ወረዳ ሰው መጀመሪያ የሚቆመው ጎረቤላ ከወረዳው ፍርድ ቤት ነው። ይግባኝ ቢል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ከዚያ በላይ ቢሄድ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫ ባሕር ዳር ነው። የእርሻና የአጨዳ ወራት ሳይለይ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መመላለስ ስለማይችል ውክልና ሰጥቶ ይመለሳል። ውክልናው ላይ በፈረመበት ደቂቃ ነገሩ ከእጁ ይወጣል።

3ኛ. አንድ ምሳሌ

ነገሩ እንዲብራራ አንድ ምሳሌ እናስብ። ባሏ የሞተባት አንዲት የአንኮበር ሴት ከባሏ ወንድም ጋር በመሬት ይዞታ ተከራክራ በወረዳ ፍርድ ቤት ተረታች እንበል። የይዞታ ደብተሯን ይዛ ደብረ ብርሃን ወርዳ ጠበቃ ትይዛለች። የተነጋገሩት በቃል ነው፤ ከሚከፈለው ግማሹን ሰጥታለች፤ ደረሰኝ አልተቀበለችም። ጠበቃው «እማማ፣ አይዞዎት፤ ነገሩ በእጄ ነው፤ ቀጠሮ ሲደርስ አስጠራዎታለሁ» ብሎ ይሸኛታል።

ሕጉ ለይግባኝ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ጠበቃው የፍርዱን ግልባጭ ሲጠብቅ፣ ከዚያም ቀሪውን ገንዘብ ሲጠብቅ፣ ሌላም ጉዳይ ሲበዛበት ጊዜው ያልፋል። ሴትዮዋ በየገበያው ቀን ስልክ ታስደውላለች፤ «ተቀጥሯል» ትባላለች። ከወራት በኋላ መጥታ ብትጠይቅ ይግባኙ ከነጭራሹ አልገባም። አሁን በባሏ ወንድም ላይ ያላት ቅሬታ ቀርቶ ሌላ ተተክቷል። «ብረታ ይሻለኝ ነበር» ብትል እውነቷን ነው፤ በላይኛው ፍርድ ቤት አልተረታችም፤ አልተሰማችም እንጂ።

ምሳሌው የታሰበ ነው። ነገር ግን ከፍርድ ቤት ደጅ ቆሞ ለጠየቀ ሰው የሚነገረው ቅሬታ ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ቅሬታዎቹን በአራት ክፍል ልናያቸው እንችላለን።

ሀ) ስለ ወሬ። «ምን ላይ እንደ ደረሰ አይነግረኝም፤ ስልኬን አያነሣም።» ይህ የሁሉ ራስ ነው።

ለ) ስለ ክፍያ። ዋጋው በቃል ተነጋግሮ ኋላ «ይህ ለወረዳው ብቻ ነው፤ ለይግባኙ ሌላ ነው» ይባላል። ወይም ከሚፈረደው ላይ ድርሻ ይጠየቃል። ባለጉዳዩ ገንዘቡ ለዳኝነት መክፈያ ይሁን፣ ለቴምብር ይሁን፣ ለጠበቃው ድካም ይሁን መለየት አይችልም።

ሐ) ስለ ቀጠሮ። ጠበቃው በአንድ ቀን በሁለት ችሎት ተቀጥሮ አንዱን ይቀራል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ቢቀርብ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽ ቢቀር ክርክሩ በሌለበት ይታያል።

መ) ስለ ታማኝነት። «ከባላጋራዬ ጋር ሻይ ሲጠጣ አየሁት፤ ሳልነግረው ተስማማብኝ» የሚል ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬው ባዶ ነው፤ ጠበቆች የሙያ ባልደረቦች ናቸውና አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ጥርጣሬው የሚያድገው ግን መጀመሪያ በተጠቀሰው በወሬ ማጣት ምክንያት ነው። ነገሩን የሚያውቅ ባለጉዳይ በሻይ አይደነግጥም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጠበቃዬ በደለኝ» ከሚሉት አንዳንዶቹ ከነጭራሹ ጠበቃ አልያዙም። ማመልከቻ ያጻፉት ከራፖር ጸሐፊ ነው፤ ወይም ገንዘባቸውን የሰጡት «ጉዳይ አስፈጽማለሁ» ለሚል ደላላ ነው። ራፖር ጸሐፊው የነገሩትን በወረቀት የማስፈር ሥራ እንጂ ፈቃድም፣ የሙያ ኃላፊነትም የለበትም። ድኻው ወደ እርሱ የሚሄደው ዋጋው ስለሚረክስ ነው፤ በኋላ ግን ስሙ የሚነሣው የጠበቃ ነው።

4ኛ. ሕጉ ምን ይላል?

ስለ ውክልና የሚናገረው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ክፍል ከቁጥር 2199 ይጀምራል። ከ2208 ጀምሮ ባሉት ቁጥሮች ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ እንዲሆን፣ የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲመለከት፣ ስለ ሠራውም ሥራና ስለ ተቀበለው ገንዘብ ሒሳብ እንዲሰጥ ያዛል። በቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ብቻውን አይበቃም፤ ነገር ለመሟገትም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። እንግዲህ የመታረቅ ሥልጣን ያልተሰጠው ጠበቃ «ታርቄልሃለሁ» ሊል አይችልም። በቁጥር 2226 ደግሞ ወካዩ በፈቀደ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። ብዙ ባለጉዳይ ይህን የመጨረሻውን አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ከፈረመ ታስሮ የቀረ ይመስለዋል።

ስለ ሙያ ጥፋት ቁጥር 2031 ይናገራል። ማንም ባለሙያ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ፣ በቸልተኝነት ወይም ሥራውን ባለማወቅ ጥፋት ካደረሰ ኃላፊ እንዲሆን ያዛል። እዚህ ላይ የሕግ ተማሪዎች የሚለዩትን አንድ ልዩነት ሌሎቻችንም ብናውቀው ይጠቅማል። ጠበቃ እንደ ሐኪም ነው። ሐኪም «እፈውስሃለሁ» ብሎ አይዋዋልም፤ በጥንቃቄ ሊያክም ግን ግዴታ አለበት። ጠበቃም «እረታልሃለሁ» ብሎ ሊዋዋል አይገባውም፤ በትጋት ሊሟገት፣ ጊዜ ሊጠብቅና ለባለጉዳዩ ሊያሳውቅ ግን ይገደዳል። ስለዚህ «ተረታሁ» ብቻውን ክስ አይሆንም፤ «ጊዜ አሳለፈብኝ» ግን ይሆናል።

ይሁን እንጂ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በባለጉዳዩ ላይ አንድ ከባድ ሸክም ይጭናል። የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ በቁጥር 323 ተወስኗል። በበቂ ምክንያት ያለፈበት ሰው እንዲፈቀድለት ሊያመለክት ይችላል፤ ነገር ግን ጥቂት ቁጥር ዝቅ ብሎ የጠበቃው ወይም የወኪሉ ጉድለት እንደ በቂ ምክንያት እንደማይቆጠር ሕጉ ይደነግጋል። ለዚህ ድንጋጌ ምክንያት አለው። እንዲህ ባይሆን ጊዜ ያለፈበት ሁሉ «ጠበቃዬ ነው» እያለ ፍርድ ዕለት ዕለት ይናጋ ነበር፤ የረታውም ወገን አያርፍም። በምሳሌያችን ያለችው ሴት ግን የምታየው ሌላውን ገጽ ነው። ጥፋቱ የጠበቃው፣ ቅጣቱ የእሷ ይሆናል።

«ጠበቃውን ትክሰሰው» ቢባል መንገዱ ቀላል አይደለም። ኪሣራ ለማግኘት ጠበቃው ማጥፋቱን ማስረዳት ብቻ አይበቃትም፤ ይግባኙ በጊዜው ቢገባ ኖሮ ትረታ እንደ ነበርም ማሳየት አለባት። አንድ ነገር ለማስረዳት ሁለት ሙግት ትሟገታለች ማለት ነው። ጠበቃን ለመክሰስም ሌላ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ በአንድ ከተማ የሚሠሩ ጠበቆች ደግሞ ይተዋወቃሉ። ጠበቃው በአደራ የተቀበለውን ገንዘብ ለራሱ ካዋለ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 675 ስለ እምነት ማጉደል የሚናገረው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከፍርድ ቤት ውጭ የሥነ ምግባር አቤቱታ የሚቀርብበት መንገድም አለ። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለሚሠሩ ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ወጣ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ፤ ጠበቆችም በድርጅት ተሰባስበው እንዲሠሩ ፈቀደ። ነገር ግን በጎረቤላና በደብረ ብርሃን በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ የሚተዳደረው በክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ ቅሬታ ያለው ሰው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ «ለዚህ ጠበቃ ፈቃድ የሰጠው ማን ነው?» የሚለው ነው፤ አቤቱታው የሚቀርበው ፈቃድ ለሰጠው ክፍል ነውና።

5ኛ. የጠበቃው ወገን

አንድ ወገን ብቻ ሰምቶ መፍረድ የሕግ ተማሪ ወግ አይደለም፤ የሌላውም ተማሪ ወግ ሊሆን አይገባም። ጠበቆችም መልስ አላቸው። ባለጉዳዩ ነገሩን ሲነግራቸው የሚያምርለትን ብቻ ይነግራቸዋል፤ የሚጎዳውን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩት ከባላጋራው እጅ ነው። ምስክር ሲጠየቅ ያላየውን የሚመሰክር ጎረቤት ይዞ የሚመጣ አለ፤ ጠበቃው «አላቀርበውም» ቢል «ሐሞት የለውም» ይባላል። ቀጠሮ የሚራዘመው ዳኛ ሲታመም፣ መጥሪያ ሳይደርስ ሲቀር፣ መዝገብ ሲበዛ ነው፤ ባለጉዳዩ ግን ሁሉንም በጠበቃው ላይ ያሳብባል። የተነጋገሩትን ገንዘብ ሳይከፍል ነገሩ ካለቀ በኋላ የሚሰወርም አለ።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ብናስተውለው ይህም ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ቀጠሮው ለምን እንደ ተራዘመ የተነገረው ሰው ጠበቃውን አይጠረጥርም። የሐሰት ምስክር ምን እንደሚያስከትል የተነገረው ሰው ጎረቤቱን አያስቸግርም። ጠበቃው ያጣው መታመን የሚገኘው ከአፉ ነው፤ እርሱም አፉን የሚከፍተው በችሎት ብቻ ሆኗል።

6ኛ. ሌላው ዓለምስ?

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን ወደ ሌሎች መመልከት ይጠቅማል። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 ዓመት ባወጡት ሕግ ተሟጋች ለሙግቱ ዋጋ እንዳይቀበል ከለከሉ፤ ጥብቅና ክብር እንጂ ንግድ አይደለም ብለው ነበርና። ሕጉ አልተጠበቀም። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ ዋጋ መቀበልን ፈቅዶ ከ10,000 ሰስተርስ (የሮማ ብር) እንዳይበልጥ ወሰነ። መከልከል ባልቻሉት ላይ ልክ ማበጀትን መረጡ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በፍርድ ቤት የሚቆመው ጠበቃ በሙግቱ ላይ ባደረገው ስሕተት ባለጉዳዩ ሊከሰው አይችልም የሚል ደንብ ለረጅም ጊዜ ኖረ። የጌቶች ምክር ቤት በ1967 እ.ኤ.አ. ሮንደል በዎርስሊ ላይ ባቀረበው ክስ ይህንኑ አጸና። ምክንያቱም ጠበቃ የደንበኛውን ክስ ከፈራ ለፍርድ ቤት ያለበትን የእውነት ግዴታ ይዘነጋል የሚል ነበር። ከ33 ዓመት በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. ያው ምክር ቤት ከለላውን አነሣ። ሐኪምና መሐንዲስ በጥፋታቸው ሲጠየቁ ጠበቃ ብቻ የማይጠየቅበት ምክንያት አልታየውም። ከዚህ የምንማረው ሕግ የባለጉዳዩን ቅሬታ ለመስማት በሌላውም አገር ብዙ ጊዜ እንደ ወሰደበት ነው።

7ኛ. ምን ይደረግ?

ቅሬታ መዘርዘር ብቻውን ስለማይጠቅም ባለጉዳይ ዛሬውኑ ሊያደርግ የሚችለውን ባጭሩ ላቅርብ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ተረት ለጠበቃና ለባለጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

ሀ) ጠበቃው ፈቃዱን እንዲያሳይ መጠየቅ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለ) የክፍያውን ውል በጽሑፍ ማድረግ፤ ዋጋው እስከ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነ፣ የዳኝነትና የቴምብር ወጪ የማን እንደሆነ ተለይቶ እንዲጻፍ ማድረግ፤ ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ መቀበል።

ሐ) በውክልናው ላይ ምን ሥልጣን እንደ ተሰጠ ሳያስነብቡ አለመፈረም፤ በተለይ የመታረቅና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን መኖር አለመኖሩን መለየት።

መ) ዋናውን ማስረጃ በቤት አስቀምጦ ለጠበቃው ቅጂውን መስጠት፤ ዋናው የሚያስፈልግበት ቀን ራስን ይዞ መቅረብ።

ሠ) የመዝገቡን ቁጥርና የቀጠሮውን ቀን ጽፎ መያዝ። የመዝገብ ቁጥር ያለው ሰው ራሱ መዝገብ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይችላል።

ረ) ፍርድ በተሰጠ ቀን 60 ቀኑን መቁጠር መጀመር። በሌለበት የተፈረደበት ሰውም ማወቁን ተከትሎ በ1 ወር ውስጥ ማመልከት እንዳለበት አለመርሳት።

ሰ) እምነት ከጠፋ ሳይዘገዩ ውክልናውን በጽሑፍ መሻርና ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይባላልና ባለጉዳይ ነገሩን አሳልፎ ሰጥቶ መተኛት የለበትም። ሆኖም ከላይ የዘረዘርነው ሁሉ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው የሚፈጽመው ነው። የምሳሌያችን ሴት ማንበብ ባትችልስ? እዚህ ላይ ኃላፊነቱ ወደ ጠበቃውና ወደ እኛ ይዞራል።

ከጠበቃው የሚፈለገው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ሁለት ነገር፣ ይኸውም ዛሬ ምን ሆነ? የሚቀጥለውስ መቼ ነው? የሚለውን ባለጉዳዩ በሚገባው ቃል ማስታወቅ ነው። ይህን የሚያደርግ ጠበቃ ቢረታም ደንበኛው አይሸሸውም። የ1992ቱ የፌዴራል ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ ለችግረኞች እንዲሠራ አዞ ነበር፤ ሙያው ለሕዝብ አገልግሎት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከሕጉ አውጪም የሚፈለግ አለ። የጠበቃ ጉድለት ይግባኝ የሚያስፈቅድ ምክንያት አይሆንም የሚለው ድንጋጌ እንዲኖር ካስፈለገ፣ በዚሁ ምክንያት የተጎዳው ሰው በቀላሉ ካሣ የሚያገኝበት መንገድ አብሮት መኖር አለበት። አንዱን በር የዘጋ ሕግ ሌላውን ሳይከፍት ቢቀር ፍርድ ጎደለ ይባላል።

ለእኛ ለተማሪዎች የተረፈው ሥራ ትንሽ አይደለም። የሕግ ትምህርት በሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ በዚያ የሚሠራ የሕግ ተማሪ ማመልከቻ ከማርቀቁ በፊት ባለጉዳዩ መዝገቡ የት እንደ ደረሰ ማወቁን ይጠይቅ። የሌላ ትምህርት ተማሪዎችም በዕረፍት ወራት ወደየወረዳችን ስንመለስ አንድ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ለእናት፣ ለአጎት፣ ለጎረቤት የመዝገቡን ቁጥር አንብቦ መንገር፣ ውሉን ከመፈረማቸው በፊት ማንበብ፣ 60 ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ ማክበብ ነው። ይህን ለማድረግ የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይችለዋል።

የአንኮበር ሰው ወደ አደባባይ ችሎት ይመለስ የሚል የለም። በመዝገብ ውስጥ የገባው ነገሩ ግን ዛሬም የእርሱ ነው። ቢረታም «ተሰምቼ ተረታሁ» ብሎ ወደ ቤቱ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህም የሚበቃው በየቀጠሮው የሚነገረው ጥቂት ቃል ነው።